አሮጌውን አስረክቦ በአዲሱ መውጣት፦ መኪና በጠፋበት ዘመን

ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ገበያ ነው፤ አዲስ መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ አሮጌውን ለዲለር አስረክቦ፣ ልዩነቱን ከፍሎ፣ በአዲሱ ስለመውጣት። አሜሪካ ውስጥ ያለነው ሁሉ «ትሬድ ኢን» የምንለው ነው። በዝግጅቱ የምትሰሟቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2021 ኬንታኪ ውስጥ ስፓርታ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው የመኪና እሽቅድድም ሜዳ በሺዎች በሚቆጠሩ የፎርድ ፒካፖች ተሞልቶ ነበር። ሞተራቸው ተገጥሟል፣ ቀለማቸው ደርቋል፣ ጎማቸው መሬት ረግጧል። ሆኖም አንዱንም አውጥቶ ለገዢ መስጠት አልተቻለም። የጎደላቸው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ቺፕ ነበር። ፒካፖቹ ሜዳ ላይ ተደርድረው ቺፕ ሲጠብቁ፣ በየከተማው ያሉ ዲለሮች ደግሞ ግቢያቸው ተራቁቶ፣ የቀሯቸውን ጥቂት መኪኖች አራርቀው እያቆሙ ባዶነቱን ለመሸፈን ይሞክሩ ነበር።

ችግሩ የተጸነሰው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ኮቪድ ሲገባ የአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች በማርች 2020 ተዘጉ፤ ወደ ሥራ መመለስ የጀመሩት ሜይ ከተጋመሰ በኋላ ነበር። በዚያ መሀል «ሰው ከእንግዲህ መኪና አይገዛም» ብለው የፈሩ አምራቾች የቺፕ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ ሠሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቤት የተቀመጠው ሕዝብ ላፕቶፕ፣ ስልክና የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ይፈልግ ስለነበር ማሽኖቻቸውን ወደዚያ አዞሩ። መኪና ፈላጊው ከተጠበቀው ቀድሞ ሲመለስ አምራቾቹ ራሳቸውን በሰልፉ መጨረሻ አገኙት። አንድ ቺፕ ተሠርቶ እስኪያልቅ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

በላዩ ላይ የተፈጥሮና የአደጋ ዱላ ተጨመረበት። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስን የመታው ከባድ ብርድ ኦስቲን ያሉትን የሳምሰንግ፣ የኤንኤክስፒና የኢንፊኒየን ፋብሪካዎች አስቆመ። በማርች 19 ጃፓን ውስጥ ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ እሳት ተነሳበት፤ ሬኔሳስ ደግሞ ለመኪና የሚሆን ቺፕ ከሚያመርቱት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ቺፖች የሚታሸጉባትና የሚፈተሹባት ማሌዥያ በወረርሽኙ ምክንያት እንደገና ዘጋች። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በሴፕቴምበር 2021 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ሳይመረቱ የሚቀሩት መኪኖች 7.7 ሚሊዮን፣ ለአምራቾቹ የሚጠፋው ገቢም 210 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ቶዮታ ለጊዜው ከሌሎቹ ተሻለ። በ2011 ጃፓንን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ተምሮ፣ አቅራቢዎቹ ለወራት የሚሆን ቺፕ በመጋዘን እንዲይዙ አድርጎ ነበር። በዚህም ታግዞ በ2021 በአሜሪካ ገበያ ጀነራል ሞተርስን በሽያጭ በለጠ፤ ጀነራል ሞተርስ ከ1931 ጀምሮ ይዞት የቆየው የአንደኝነት ቦታ ነው የተነጠቀው። ይሁንና ቶዮታም ቢሆን በሴፕቴምበር 2021 በዓለም ዙሪያ ሊያመርት ካቀደው 40 በመቶውን ለመቀነስ ተገድዷል። ስለዚህ ካምሪ ወይም ራቭ ፎር ፍለጋ የሄደው ሰውም ቢሆን ስሙን አስመዝግቦ ከመመለስ አልዳነም።

አዲሱ ሲጠፋ ሁሉም ወደ አሮጌው ዞረ። በዚያ ላይ የኪራይ ኩባንያዎች ሌላ ጊዜ ያገለገለ መኪና ለገበያ የሚያቀርቡ ነበሩ፤ አሁን ግን በ2020 የሸጡትን መተኪያ ስላጡ እነሱም ጨረታ ላይ ገብተው ከዲለሩ ጋር ይጫረቱ ጀመር። ውጤቱ በመንግሥት የዋጋ መዝገብ ላይ ይታያል። ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በጁን 2021 በአንድ ወር ብቻ 10.5 በመቶ ጨመረ፤ ይህ መለኪያ ከ1953 ጀምሮ መታተም ከያዘ ወዲህ እንዲህ ያለ የአንድ ወር ጭማሪ ታይቶ አያውቅም። ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 45.2 በመቶ ደርሶ ነበር። እንደ ኪያ ቴሉራይድ ያሉ አንዳንድ መኪኖች አንድ ዓመት ተነድተው ከአዲሶቹ በላይ ይሸጡ ነበር።

ዲለሮች ደብዳቤ መላክና ስልክ መደወል የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። «መኪናዎን እንፈልገዋለን፤ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ይምጡና በአዲስ ይውጡ።» ግብዣው ከልብ የመጣ ነበር። ዲለር ያገለገለ መኪና በጨረታ ሲገዛ ለአጫራቹ ኮሚሽን፣ ለማጓጓዣ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይከፍላል። ደንበኛ በሩ ድረስ የሚያመጣለት መኪና ከዚህ ሁሉ ያድነዋል። በዚያ ላይ ያው ደንበኛ አዲስ መኪና ይገዛዋል፤ ብዙ ጊዜም ብድሩን እዚያው ይጨርሳል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ትርፍ ይገኛል ማለት ነው።

ይህን ግብዣ የሰማ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ነገር አንድ ነው። በሬ ተወዶ ሳለ በሬውን ገበያ ያወጣ ገበሬ በኪሱ ብዙ ብር ይዞ ይቆማል፤ ማረሻው እንዳይቆም ሌላ በሬ በዚያው ዕለት መግዛት ካለበት ግን ያ ብር በዚያው ገበያ ይቀራል። በእጥረት ጊዜ የአሮጌው መኪና ዋጋ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል በዋሺንግተን አካባቢ ከደላስ ኤርፖርት ሰው እያመላለሰ የሚሠራ አንድ ሹፌር ወንድማችን እንውሰድ። በ2020 መጀመሪያ መኪናው 12 ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር እንበል። የሚፈልገው አዲስ መኪና የተለጠፈበት ዋጋ 28 ሺህ ነው፤ ተከራክሮ 2 ሺህ ቢያስቀንስ በ26 ሺህ ይወስደዋል። ልዩነቱ 14 ሺህ ዶላር ይሆናል። በ2021 መጨረሻ እንደገና ሲሄድ ዲለሩ ያንኑ መኪና፣ ያውም ተጨማሪ ማይል ተነድቶበት፣ 17 ሺህ አለው። ልቡ ይሞቃል። አዲሱ ግን አሁን 30 ሺህ ተለጥፎበታል፤ ከጎኑ «ማርኬት አድጀስትመንት» የሚል ሌላ ወረቀት 2,500 ይጨምራል፤ የቀለም መከላከያ፣ የመስታወት ምልክት፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን እየተባለ ሌላ 1,500 ይደረብበታል። ድምሩ 34 ሺህ፣ ልዩነቱ 17 ሺህ። አምስት ሺህ አተረፍኩ ያለው ሹፌር ሦስት ሺህ ጨምሮ ወጣ።

ይህ ምሳሌ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። ኤድመንድስ የተባለው የመኪና ገበያ አጥኚ ድርጅት እንደመዘገበው በጃንዩዋሪ 2021 አዲስ መኪና ከገዙት መካከል ከተለጠፈው ዋጋ በላይ የከፈሉት 2.8 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአማካይ ሲታይ ገዢው ከተለጠፈው 2,152 ዶላር ቀንሶ ይወስድ ነበር። በጃንዩዋሪ 2022 ከተለጠፈው በላይ የከፈሉት 82.2 በመቶ ደረሱ፤ አማካዩም ከተለጠፈው በላይ 728 ዶላር ሆነ። የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ በኬሊ ብሉ ቡክ ስሌት በሴፕቴምበር 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ 45 ሺህ ዶላርን አለፈ፤ በዲሴምበር 47 ሺህን ተሻገረ።

ያንን የሦስት ሺህ ዶላር ጭማሪ ዲለሩ እንዴት እንደሚያስውጠውም ማወቅ ይገባል። የቀድሞው 14 ሺህ በ5 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ቢበደሩት በወር 264 ዶላር ያህል ይመጣል። አሁን የሚያስፈልገውን 17 ሺህ በዚያው ወለድ ለ72 ወር ሲዘረጉት ወርሃዊው 274 ገደማ ይሆናል። «ያው በወር የአሥር ዶላር ልዩነት ናት» ይላል ሻጩ፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን መጨረሻ ላይ ሲደመር የመጀመሪያው 15,850፣ ሁለተኛው 19,700 ዶላር አካባቢ ነው። ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ገንዘብ በአሥር ዶላር ውስጥ ተሸሽጎ አለፈ።

በብዙ ዲለሮች ዘንድ ሻጩ በአራት የተከፈለ ወረቀት ይዞ ይመጣል። በአንዱ ሳጥን የአዲሱ ዋጋ፣ በሌላው ለአሮጌው የሚሰጠው ሂሳብ፣ በሦስተኛው ቅድመ ክፍያ፣ በአራተኛው ወርሃዊ ክፍያ ይጻፋል። አንዱ ሳጥን ላይ የለቀቀውን ሌላው ላይ ለመመለስ የተመቸ ነው። ደንበኛው ለአሮጌው መኪና ዋጋ ሲታገል አዲሱ ላይ ይረሳል፤ አዲሱ ላይ ሲታገል የብድሩ ዘመን ይረዝምበታል። መፍትሔው አራቱን ለየብቻ መነጋገር ነው። መጀመሪያ የአዲሱ መኪና ሙሉ ዋጋ፣ ከታክስና ከማንኛውም ፊ ጋር፣ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ ያለው በጽሑፍ ይምጣ። ትሬድ ኢን ይኖር እንደሆነ የሚጠየቀው ጥያቄ እስከዚያ ድረስ «ገና አልወሰንኩም» በሚል መልስ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የአሮጌው ተራ ይደርሳል።

ለአሮጌው ደግሞ ሰው ዲለር ጋ ከመድረሱ በፊት ዋጋውን በእጁ ይዞ መሄድ አለበት። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ገበያ ለተራው ሰው ደግ ነው። በ1926 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌስ ኬሊ በሚባል የመኪና ነጋዴ የተጀመረው ኬሊ ብሉ ቡክ ዛሬ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። በ1993 እዚሁ ቨርጂኒያ ሪችመንድ ላይ የመጀመሪያ መደብሩን የከፈተው ካርማክስ ከእሱ ምንም ባትገዙም መኪናችሁን ይገዛል፤ የሚሰጠው ዋጋ ለሰባት ቀን ይጸናል። ያን ወረቀት የያዘ ሰው ዲለሩ ፊት ሲቀመጥ «ይህን ያህል አግኝቻለሁ፤ ትበልጣለህ ወይስ እዚያ ልሽጠው?» ማለት ይችላል። በእጥረቱ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቦታ ያስገመተ ሰው በአንድና በሌላው መካከል ከሺህ ዶላር ያለፈ ልዩነት ማግኘቱ የተለመደ ነበር።

ገማቹ ምን ያያል? የሻንሲ ቁጥሩን አስገብቶ የአደጋ ታሪኩን ያነባል። ማይሉን፣ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የዳሽቦርዱን መብራቶች ይመለከታል። ሁለተኛ ቁልፍ መኖሩን ይጠይቃል፤ የዛሬ ቁልፍ ለብቻው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ነው። የዘይት ለውጥና የጥገና ደረሰኞችን ሰብስቦ መሄድ፣ መኪናውን ውስጡንም ውጪውንም ማሳጠብ ያዋጣል። ትልቅ ጥገና አስገብቶ ከዚያ ማስረከብ ግን ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ዲለሩ በራሱ ጋራዥ ከእናንተ ባነሰ ወጪ ያሠራዋል፣ እናንተ ያወጣችሁትንም ሙሉውን አይመልስላችሁም።

ከዋጋው ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ታክስ ነው። ይህ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ጓደኛ ዳላስ ሆኖ የመከረው አሌክሳንድሪያ ላይ ላይሠራ ይችላል። በቴክሳስ የመኪና ሽያጭ ታክስ 6.25 በመቶ ሲሆን፣ የሚታሰበው የአሮጌው ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ላይ ነው። የ40 ሺህ ዶላር መኪና ገዝቶ የ18 ሺህ ዶላር አሮጌ ያስረከበ ሰው በ22 ሺህ ላይ ብቻ 1,375 ዶላር ይከፍላል፤ አሮጌውን ለሌላ ቢሸጠው ኖሮ 2,500 ይከፍል ነበር። ስለዚህ ከሌላ ገዢ ጋር ለመሄድ ከ19,125 በላይ ካላገኘ ዲለሩ ይሻለዋል። በቨርጂኒያ ግን 4.15 በመቶው የሚታሰበው በአዲሱ ሙሉ ዋጋ ላይ ነው። በ40 ሺህ ዶላር መኪና ላይ ትሬድ ኢን ኖረም አልኖረም 1,660 ዶላር ይከፈላል። ካሊፎርኒያም እንዲሁ በሙሉው ዋጋ ላይ ታስባለች። በእነዚህ ግዛቶች አሮጌውን ለይቶ ለሌላ ለመሸጥ የሚከለክል የታክስ ጥቅም የለም፤ ዋሺንግተን ስቴት፣ ማለትም ሲያትል አካባቢ ያሉት ወገኖቻችን ግን እንደ ቴክሳስ ልዩነቱ ላይ ነው የሚከፍሉት።

ታዲያ በዚያ እጥረት ማን ተጠቀመ? ትልቁ ተጠቃሚ ተለዋጭ መኪና ሳያስፈልገው የሸጠ ሰው ነው። ባልና ሚስት ከቤት መሥራት ጀምረው ሁለተኛው መኪና ደጅ ሲቆምባቸው፣ እሱን በገበያው ጣሪያ ዋጋ ሸጠው በአንዱ የቀጠሉ ቤተሰቦች እውነተኛ ትርፍ አገኙ። ትልቁን ኤስዩቪ ሰጥተው አነስተኛ ሴዳን የወሰዱም እንዲሁ፤ የትልልቆቹ ዋጋ በገንዘብ ሲቆጠር የበለጠ ስለጨመረ ልዩነቱ ለእነሱ አደላ።

ሌላው ተጠቃሚ ሊዝ ይዞ የነበረ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩን ከማያውቁ ሰዎች እጅ ብዙ ገንዘብ ያመለጠው በዚህ በኩል ነውና። ሊዝ ሲፈረም ከሦስት ዓመት በኋላ መኪናው ስንት እንደሚያወጣ ተገምቶ ውሉ ላይ ይጻፋል፤ ተከራዩ ሲጨርስ በዚያ ዋጋ የመግዛት መብት አለው። በ2018 ውል የጻፈ ሰው «በ2021 መኪናው 15 ሺህ ያወጣል» የሚል ቁጥር ፈርሟል እንበል። 2021 ሲደርስ ገበያው 20 ሺህ ይላል። ውሉ ግን አሁንም 15 ሺህ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የወጣ ሰው አምስት ሺህ ዶላር ትቶ ወጣ። የሚያውቀው ደግሞ ወይ ራሱ ገዝቶ ነዳው፣ ወይ ትርፉን ለሚቀጥለው መኪና ቅድመ ክፍያ አዋለው። ነገሩን የተረዱት የአንዳንድ አምራቾች የፋይናንስ ኩባንያዎች በዚያው ዓመት ሕጋቸውን ለውጠው የሊዝ መኪና ለሌላ ድርጅት በቀጥታ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ከዚያ በኋላ ባለ ሊዙ በመጀመሪያ በራሱ ስም ገዝቶ፣ ታክስ ከፍሎ፣ ታይትሉን ማለትም እኛ ሊብሬ የምንለውን ተቀብሎ ነው መሸጥ የሚችለው። እንዲያም ሆኖ ለብዙዎች አዋጥቷል። ሊዝ ያለው አድማጭ ዛሬም ቢሆን ቁልፉን ከመመለሱ በፊት ውሉ ላይ ያለውን ቁጥር ከገበያው ዋጋ ጋር ማስተያየት አለበት።

ያልተጠቀመው፣ ብዙ ጊዜም የተጎዳው፣ መኪናው እንጀራው የሆነበት ሰው ነው። በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት የሚሠራው ወገናችን በዋሺንግተን አካባቢ ጥቂት አይደለም። እሱ መኪናውን ሸጦ ዋጋ እስኪረጋጋ ሊጠብቅ አይችልም። ለእሱ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ግልጽ ነው፤ መኪናው በሺህ ሁለት ሺህ ዶላር ጥገና አንድ ዓመት የሚሄድ ከሆነ በእጥረት መሀል ከመለወጥ ይልቅ ማሠራት ይሻላል። ሞተሩ ወይም ትራንስሚሽኑ ሊወድቅ የተቃረበ መኪና ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያለመሥራቱ ቀን ከማንኛውም ማርኬት አድጀስትመንት ይበልጣል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው አሮጌ መኪና ሲወደድ አይደነግጥም። ለዓመታት የተነዳ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ከተገዛበት በላይ በብር ሲሸጥ አይቷል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የብር መውደቅና ከባድ ቀረጥ ያንን ዋጋ ለረጅም ጊዜ ደግፈውታል፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተጨመረበት። በዚህ ልምድ ነው አንዳንዱ በ2021 «መኪና ንብረት ነው፣ ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም» ብሎ በጣሪያው ዋጋ አሜሪካ ላይ የገዛው። እዚህ ግን ምክንያቱ ጊዜያዊ ነበር። ፋብሪካው ቺፕ ሲያገኝ ዋጋው መውረዱ የማይቀር ነበር።

ወረደም። የማንሃይም የጨረታ መለኪያ፣ ስሙን በ1945 ከተጀመረባት የፔንሲልቬንያ ከተማ የወሰደው ኩባንያ የሚያወጣው፣ በዲሴምበር 2022 ከዓመት በፊት ከነበረው በ14.9 በመቶ ዝቅ አለ። መኪና በኢንተርኔት እየገዛ የሚሸጠው ካርቫና በ2021 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አትርፎ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው ኦገስት 370 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በዲሴምበር 2022 ከአምስት ዶላር በታች ወረደ። በተመሳሳይ ጊዜ የፌዴራል ሪዘርቭ ከማርች 2022 ጀምሮ ወለድ ያሳድግ ጀመር፤ ከዜሮ አጠገብ የነበረው በጁላይ 2023 ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ ደረሰ።

ጣሪያው ላይ የገዙት ሰዎች ዕዳቸው ከመኪናቸው ዋጋ በለጠ። ኤድመንድስ እንደሚለው በ2024 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ለአዲስ መኪና ከተለወጡት አሮጌዎች 24.2 በመቶው ላይ ያለው ዕዳ ከመኪናው ዋጋ በላይ ነበር፤ ትርፉ ዕዳ በአማካይ 6,458 ዶላር። ይህ ዕዳ አይጠፋም። ዲለሩ «እኛ እንከፍልልዎታለን» ሲል በአዲሱ ብድር ላይ ይደምረዋል፤ ሰውየው በማይነዳው መኪና ላይ ወለድ እየከፈለ ሌላ አምስትና ስድስት ዓመት ይቀጥላል። መኪናው በአደጋ ቢወድም ኢንሹራንስ የሚከፍለው የመኪናውን ዋጋ ነው፤ ቀሪው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እጥረትና ትሬድ ኢን አብረው የመጡበት ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በፌብሩዋሪ 1942 ለሲቪል የሚሆን መኪና ማምረት አቆመች፤ ፋብሪካዎቹ ታንክና አውሮፕላን ሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ገዢው ብዙ፣ መኪናው ጥቂት ሆነ። ያን ጊዜ ወረፋ ለማግኘት አሮጌውን በርካሽ ማስረከብ ወይም ከጠረጴዛ ሥር ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነበር። አምራቹ የሚለው ዋጋ በመስታወቱ ላይ እንዲለጠፍ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1958 ነው፤ ተለጣፊው እስከ ዛሬ በኦክላሆማው ሴናተር በማይክ ሞንሮኒ ስም ይጠራል። ያ ወረቀት ከዲለሩ ጭማሪ አያድንም፤ ምክንያቱም ዋጋው የአምራቹ ሐሳብ እንጂ ትዕዛዝ አይደለም። በ2022 መጀመሪያ ፎርድና ጀነራል ሞተርስ ጭማሪ የሚያበዙ ዲለሮቻቸውን በደብዳቤ ከማስጠንቀቅ ብዙም አላለፉም። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ማንበብ አሁንም ይጠቅማል። በ2021 መጨረሻ ጀነራል ሞተርስ በቺፕ እጦት ከአንዳንድ መኪኖቹ የወንበር ማሞቂያ አውጥቶ ነበር፤ የሞንሮኒውን ወረቀት ያላነበበ ገዢ ማሞቂያው አለመኖሩን የሚያውቀው ክረምት ሲገባ ነው።

መኪናውን ከፋብሪካ አዝዞ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ዛሬ ለአሮጌው የተባለው ዋጋ ከሦስት ወር በኋላ አዲሱ ሲደርስ አይጸናም፤ በ2022 ሁለተኛ አጋማሽ ብዙዎች ያዘዙት ሲመጣ አሮጌያቸው ረክሶ አገኙት። ዲለሩ የአሮጌውን ዋጋ ከተወሰነ ማይል ጋር በጽሑፍ ካልያዘ፣ ቃሉ ላይ ተማምኖ ሂሳብ መሥራት አይገባም። የአዲሱም ዋጋ ሲደርስ እንደማይጨምር፣ ያስያዙት ገንዘብ እንደሚመለስ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2021ና በ2022 ሳይመረቱ የቀሩት መኪኖች ዛሬ ጥቂት ዓመታት ያገለገሉ ሆነው ገበያ ላይ መገኘት የነበረባቸው ናቸው፤ ስለሌሉ ደህና ያገለገለ መኪና አሁንም ውድ ነው። በአፕሪል 2025 ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ሥራ ላይ ሲውል ሰው ወደ ዲለር ጎረፈ፤ የአሮጌዎቹም ዋጋ እንደገና ወጣ። የስልክ ጥሪውና ደብዳቤው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ለባንካችሁ ደውላችሁ ለአሥር ቀን የሚጸና የቀሪ ዕዳ መጠን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በውሉ ላይ ዲለሩ እከፍላለሁ ያለው ቁጥር ከዚያ ጋር መግጠሙን እዩ። መኪናውን አስረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላም የአሮጌው ብድር በእናንተ ስም ነው ያለው። ዲለሩ ገንዘቡን ሳይልክ ቢዘገይ የሚበላሸው የእናንተ ክሬዲት ነው። ባንኩ «ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ እስኪልክላችሁ ድረስ ወርሃዊ ክፍያውን አታቋርጡ፤ ትርፍ የከፈላችሁትን ባንኩ ይመልስላችኋል።